የሚያስፈራ መጽሐፍ ማንበብ ለሚፈራ ልጅ

ማንበብ መቻልና ማንበብ መውደድ ለየቅል ናቸው። ይህን በየቀኑ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆም ሁሉ እናውቀዋለን። ፊደል የቆጠረ፣ ቃል የሚያነብ፣ በፈተናም ደህና ውጤት የሚያመጣ ልጅ የትምህርት ሰዓት ካለቀ በኋላ መጽሐፍ የሚባል ነገር በእጁ አይነካም። ወላጅ «ልጄ አንባቢ አይደለም» ይላል፤ መምህር «ሰነፍ ነው» ይላል፤ ልጁም ሁለቱን ሰምቶ የተባለውን ስለ ራሱ ያምናል። በአሥርና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከመጽሐፍ የተጣላ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከመማሪያ መጽሐፉም፣ ከጋዜጣውም፣ ከኪታቡም ጋር ለመታረቅ ብዙ ድካም ይጠብቀዋል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ከመጽሐፍ የራቁ ልጆችን ወደ ንባብ ከመለሱት የመጽሐፍ ዓይነቶች አንዱ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠራጠሩት ዓይነት ነው። እርሱም አስፈሪ ልብ ወለድ ነው። ደም መጣጭ፣ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት፣ ሰው የማይኖርበት ቤት፣ ከወንዝ ዳር የሚጣራ ድምፅ የሚተረክበት መጽሐፍ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማን ጻፈው? ማንበብ የማይፈልግ ልጅ እንዴት ሊያነበው ቻለ? ሙስሊም ቤተሰብስ በምን ዓይን ሊያየው ይገባል? በተቻለን መጠን እንመለከታለን።

የጠንጣው ሐኪም

ጠንጣ በግብፅ፣ በዓባይ ደለል ምድር መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ዶክተር አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 በዚህች ከተማ ተወለዱ፤ ሕክምናን ያጠኑትም፣ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትም እዚያው ነው። በትርፍ ጊዜያቸው አስፈሪ ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። በዚያ ዘመን በዐረብኛ ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ አስፈሪ ልብ ወለድ እምብዛም አይታወቅም ነበርና ጽሑፋቸውን የተመለከተው የመጀመሪያው የገምጋሚዎች ቡድን አልወደደላቸውም። ሁለተኛው ቡድን ግን ተቀበለው። ከሁለተኛው ቡድን አንዱ እርሳቸውም ሐኪም የነበሩትና በስለላ ታሪኮቻቸው ዝናን ያተረፉት ነቢል ፋሩቅ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1993 «ማ ወራአ አጥ-ጠቢዓ»፣ ማለትም «ከተፈጥሮ ባሻገር»፣ የተሰኘው ተከታታይ ታሪክ መውጣት ጀመረ። መጻሕፍቱ በኪስ የሚገቡ፣ ስስና ዋጋቸው ርካሽ ስለነበር ተማሪ ከኪስ ገንዘቡ አጠራቅሞ ይገዛቸው ነበር። ተከታታዩ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጠናቀቅ 80 ያህል ቁጥሮች ወጥተው ነበር።

የታሪኩ ባለቤት ዶክተር ሪፍዓት ኢስማዒል ይባላሉ። ጀግና ከምንላቸው ሰዎች ጋር ጨርሶ አይመሳሰሉም። ያረጁ፣ ፀጉራቸው የተመለጠ፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ ልባቸው የታመመ የደም በሽታዎች ሐኪም ናቸው። በራሳቸው ይቀልዳሉ፤ የሰሙትን ሁሉ አያምኑም፤ ሲፈሩም መፍራታቸውን አይደብቁም። ከደም መጣጭ አፈ ታሪክ እስከ ስኮትላንድ ሐይቅ አውሬ ድረስ፣ የግብፅ ገበሬዎች ሌሊት በውኃ ዳር ሰውን በስሙ ትጣራለች እስከሚሏት «ነዳሃ» ድረስ ያጋጠማቸውን አጠገባቸው ለተቀመጠ ወጣት እንደሚያወጉ ሆነው ይተርካሉ።

እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ዶክተር ተውፊቅ በዚህ አለማብቃታቸው ነው። በዚያው ዓይነት የኪስ መጽሐፍ ታላላቅ የዓለም ልብ ወለዶችን እያሳጠሩ ወደ ዐረብኛ መለሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ «ዩቶፒያ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ለአዋቂዎች ጻፉ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ የነዳሃን ታሪክ ለማንበብ የኪስ መጽሐፍ የገዛ ልጅ ከአንድ ሰው እጅ ሦስት መደርደሪያ አገኘ ማለት ነው። የመጀመሪያው አስፈሪው፣ ሁለተኛው የዓለም ሥነ ጽሑፍ፣ ሦስተኛው ስለ አገሩ የሚያሳስበው ቁም ነገር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2018 ሲያርፉ በጠንጣ ቀብራቸው ላይ የተገኘው የወጣት ብዛት ብዙዎችን አስገረመ። ወጣቶቹ ከሁሉ በላይ ያመሰገኗቸው ማንበብ ስላስጀመሯቸው ነበር። አላህ ይማራቸው።

በፀጉር ቤት ያነብ የነበረው ልጅ

የዶክተር ተውፊቅ የመጀመሪያ መጽሐፍ ከመውጣቱ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1992፣ በአሜሪካ «ጉዝበምፕስ» የተባለ ተከታታይ የልጆች መጽሐፍ ወጣ። ስሙ ሰው ሲሰቀጥጠው በቆዳው ላይ የሚነሣውን ሽፍታ መሰል ነገር የሚያመለክት ነው። ደራሲው ሮበርት ሎውረንስ ስታይን እ.ኤ.አ. በ1943 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ተወለዱ። አስፈሪ ከመጻፋቸው በፊት በቀልድ መጻሕፍት ይታወቁ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት መጻሕፍቱ እምብዛም አልተሸጡም። በኋላ ልጅ ለልጅ እየነገረ፣ አንዱ ያነበበውን ለሌላው እያዋሰ ነገሩ ተዛመተ። እስከ እ.ኤ.አ. 1997 ድረስ 62 መጻሕፍት ወጡ፤ በዓመታት ውስጥም ከ400 ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች እንደተሸጡ ይነገራል። ከ30 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎችም ተመልሰዋል። ወደ አሜሪካ የሄዱ የአገራችን ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ከሚያገኟቸው መጻሕፍት መካከል እነዚህ እንደሚገኙባቸው ዘመድ ያላችሁ ታውቁ ይሆናል።

ስታይን ስለ ልጅነታቸው የሚያወጉት አንድ ታሪክ አለ። እናታቸው አስፈሪ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ወደ ቤት እንዲገቡ አይፈቅዱም ነበር። የሰፈሩ ፀጉር ቤት ግን መጽሔቶቹን ለደንበኞች ያስቀምጥ ነበርና ልጁ በየሳምንቱ ቅዳሜ ፀጉሩን ሊቆረጥ ይሄድ ነበር። ከመጽሔቶቹ ሌላም የሚያነበው አልነበረም። አንድ ቀን የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጠራችው። መጽሔት መውደዱን ታውቅ ነበር፤ ስለ መውደዱም አልተቆጣችውም። እጁን ይዛ የሬይ ብራድበሪ አጫጭር ታሪኮች ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ወሰደችው። ስታይን አንባቢ የሆንኩት በዚያች ሴት ምክንያት ነው ይላሉ።

በዚህች ሴት ሥራ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ብናስብ ይጠቅመናል። እናቲቱ መጽሔቱን ከለከሉ፤ ልጁም መጽሔቱን ሌላ ቦታ አገኘው። ሠራተኛዋ ልጁ የሚወደውን አወቀች፤ ከሚወደው ነገር ጋር የሚዛመድ የተሻለ ነገርም አሳየችው። ሁለቱም ሴቶች ለልጁ መልካም ተመኝተውለታል። መንገዱን ያገኘችው ግን የሚያነበውን ያወቀችለት ናት።

ምስጢሩ ከአሠራሩ ነው

ብዙ ሰው እነዚህ መጻሕፍት የሚነበቡት ስለሚያስፈሩ ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈራ ነገር ሁሉ አንባቢ ባፈራ ነበር። ገልጠን ስናያቸው አሠራራቸው ለደካማ አንባቢ ታስቦ የተበጀ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው። ልጁ አምስትና ስድስት ገጽ አንብቦ «አንድ ምዕራፍ ጨረስኩ» ይላል። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ በሩ ሊከፈት ሲል፣ እጅ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ስለሚያልቅ ልጁ መዝጋት አይሆንለትም። ተራኪው አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ስለሆነ አንባቢው ራሱን ያገኛል። ከአስፈሪው መካከል ቀልድ ጣል ይደረጋል። መጻሕፍቱ ቁጥር አላቸው፤ 4ኛውን ያነበበ 5ኛውን ይፈልጋል። ቀጥሎ ምን ላንብብ የሚለው ጥያቄ፣ ብዙ ልጆችን የሚያስቆመው እርሱ፣ ሳይጠየቅ ተመለሰ ማለት ነው።

ገና ፊደል ለሚገጣጥሙ ሕፃናት እንኳ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለ። አልቪን ሽዋርትስ የተባሉ የአሜሪካ የተረት ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1984 ለጀማሪ አንባቢዎች ያዘጋጁት አንድ ስስ መጽሐፍ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ስለምታስር ልጅ የሚተርክ ታሪክ ይዟል። ቃላቱ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪ አቅም አይበልጡም። ይሁን እንጂ ጥብጣቡ ለምን እንደታሰረ ሳያውቅ ገጹን ትቶ የሚነሣ ልጅ አይገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው በዕድሜ ከፍ ያለው ልጅ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የማንበብ አቅሙ የስምንት ዓመት ልጅ ያህል ሲሆን ምን እንስጠው? የሕፃናቱን መጽሐፍ ብንሰጠው ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ የእኩዮቹን ብንሰጠው ገና በሁለተኛው ገጽ ይደክመዋል። ይህን ችግር ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1998 በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ «ባሪንግተን ስቶክ» የሚባል ማተሚያ ድርጅት ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዷ ፔሸንስ ቶምሰን ዲስሌክሲያ ላለባቸው፣ ማለትም አእምሯቸው ንቁ ሆኖ ሳለ ፊደልና ድምፅን ማገናኘት ለሚቸግራቸው ልጆች በተቋቋመ ትምህርት ቤት በርእሰ መምህርነት ያገለገሉ ናቸው። ድርጅቱ የአስፈሪ ታሪክንም ጨምሮ ታሪኩን በልጁ ዕድሜ፣ ቋንቋውን በልጁ አቅም ያደርገዋል። ወረቀቱ ዓይን እንዳይወጋ ከነጭ ይልቅ ወደ ቅቤ መልክ ያደላል፤ ከጀርባ ያለው ጽሑፍ እንዳያሳልፍም ወፈር ይላል። ፊደላቱ እርስ በርሳቸው እንዳይምታቱ ተመርጠዋል፤ በመስመርና በመስመር መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ይተዋል። ቀላል ማለት ዝቅተኛ ማለት እንዳልሆነም አስመስክሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጡት ሽልማቶች ታላቁን፣ የካርኔጊ ሜዳልያን ያገኘው የአንተኒ ማክጋወን «ላርክ» በዚሁ ድርጅት የታተመ አጭር መጽሐፍ ነው። «ላርክ» አስፈሪ ታሪክ ባይሆንም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ፍርሃት ለምን ይጣፍጣል?

አንዳንድ ወላጅ «ልጄ እየፈራ ለምን ደግሞ ይጨምራል?» ይለናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት በዚህ ላይ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ሆን ተብሎ ሰውን ለማስፈራት በተዘጋጀ ቤት ውስጥ የሚያልፉ 110 ጎብኚዎችን የልብ ምታቸውን እየለኩ ተከታተሉ። ከሁሉ በላይ የተደሰቱት ጨርሶ ያልፈሩትም፣ ከልክ በላይ የፈሩትም አልነበሩም፤ መካከለኛ ፍርሃት የተሰማቸው ነበሩ። ለምግብ ጨው እንደማለት ነው። ሲያንስ አይጣፍጥም፣ ሲበዛም አይበላም።

መጽሐፍ ከቴሌቪዥንና ከስልክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፍ ላይ የጨውን መጠን የሚወስነው ልጁ ራሱ ነው። «ጨለማ ክፍል» የሚል ቃል ሲያነብ የሚስለው በሚችለው ልክ ነው። ሲበዛበት ጣቱን ገጹ መካከል አድርጎ ይዘጋውና ወደ እናቱ ያያል። ፊልም ግን ሌላ ሰው የሳለውን፣ ሌላ ሰው የመጠነውን ድምፅና መልክ በአንድ ጊዜ ያፈስበታል። ከላይ የጠቀስናቸው አልቪን ሽዋርትስ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ባሳተሟቸው ሌሎች ሦስት የአስፈሪ ታሪክ ስብስቦች ላይ ብዙውን ቅሬታ ያስነሡት ሥዕሎቹ ነበሩ። በመሆኑም ወላጅ መጽሐፉን ሲመርጥ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም ይመልከት።

የወላጆች ስጋት

ስጋቱ የእኛ አገር ወይም የሙስሊም ወላጅ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ከመደርደሪያ እንዲነሡ አቤቱታ የቀረበባቸውን መጻሕፍት ሲዘረዝር የሽዋርትስ ስብስቦች 1ኛ፣ ጉዝበምፕስ 15ኛ ሆነው ተገኝተዋል። አቤቱታ ካቀረቡት ብዙዎቹ ወላጆች ነበሩ። ስጋታቸውን መናቅ አይገባም።

ለሙስሊም ወላጅ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ጂን ለእኛ ተረት አይደለም። በቁርአን 72ኛው ሱራ በስማቸው የተሰየመ፣ መኖራቸውንም የምናምንባቸው ፍጥረታት ናቸው። ሲሕርም እንደዚሁ መኖሩን አውቀን የምንርቀው ከባድ ወንጀል ነው። የገይብ ዕውቀት የአላህ ብቻ መሆኑንም እናምናለን። እንግዲህ ልጁ አንድ ደራሲ ከአእምሮው ያፈለቀውን ጂን ሲያነብ ከእምነቱ የተማረውንና ደራሲው የፈጠረውን እንዳያደባልቅ ማን ይለይለት? ስለ ልብ ወለድ ብይን መስጠት የዑለማእ ድርሻ ነውና እኛ አንገባበትም። እንደ መምህርነታችን ግን ልጅ ከምናስበው በላይ መለየት እንደሚችል፣ የሚለየው ግን ሲነገረው መሆኑን እናውቃለን። «ይህን ሰውዬው ፈጥሮት ነው። ስለ ጂን የምናውቀው አላህና መልእክተኛው የነገሩንን ያህል ነው» የሚል አንድ አጭር ንግግር ከአሥር ክልከላ ይበልጣል።

ከመጻሕፍቱ መካከልም ልዩነት አለ። የገጽ ብዛታቸውና የሽፋናቸው መልክ ቢመሳሰልም አንድ ዓይነት አይደሉም። ጉዝበምፕስ ለሰባትና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ታስቦ የተጻፈ በመሆኑ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ከአደጋ ተርፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የዚያው ደራሲ «ፊር ስትሪት» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረው ተከታታይ ግን ለጎረምሶች የተጻፈ ሲሆን ግድያ ይበዛበታል። አንዱን የፈቀደ ሌላውን ፈቀደ ማለት አይደለም። የዶክተር ሪፍዓት ታሪክም ቢሆን ዋናው ሰው ሲጋራ ከአፋቸው አይለይም፤ ይህን ያነበበ ልጅ ያለው አባት ልቡ ስለታመመው አጫሽ የሚያነሣው ጨዋታ አላጣም። ጥንቆላን እንደ መልካም ሙያ አሳምሮ የሚያሳይ፣ ልጅ እንዲሞክረው የሚጋብዝ ነገር ካለ ግን ያ መጽሐፍ ይቆይልን።

ሙስሊም ደራስያንም ወደዚህ መስክ ገብተዋል። ማሌዥያዊቷ ሐና አልካፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው «ልጅቱና መንፈሱ» የተሰኘ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሱራያ የምትባል ሙስሊም ልጅ ከአያቷ የወረሰችውን ክፉ መንፈስ እንዴት እንደተጋፈጠች ይተርካል። የመንደሩ ሕይወት፣ የእናትና የልጅ ግንኙነት፣ የጓደኛ ናፍቆት የእኛን ቤት ይመስላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊምን ማስደንገጥን መከልከላቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በየቤታችን ግን «ዝም ካላልክ ጅብ ይበላሃል»፣ «ጭራቅ ይወስድሃል» እያልን ልጅ እናስተኛለን። በመጽሐፍ ፍርሃቱን የመረጠው ልጁ ነው፤ ሲፈልግም ይዘጋዋል። በእኛ ማስፈራሪያ ግን መዝጊያ የለውም፤ ያስፈራውም የሚያምነው ሰው ነው። መጽሐፉን ከመክሰሳችን በፊት ይህን ከቤታችን ብናስወጣ ይበጃል።

ከዚህም ሌላ የሙስሊም ልጅ ሲፈራ ባዶ እጁን አይደለም። መድረሳ ገብቶ መጀመሪያ ከሚሐፍዛቸው መካከል ሱረቱል ፈለቅና ሱረቱን ናስ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በአላህ መጠበቅን የሚያስተምሩ ናቸው። ትርጉማቸውን ሳያውቅ በቃሉ ብቻ የያዛቸው ልጅ አስፈሪ ታሪክ ካነበበ በኋላ ማታ አባቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ትርጉሙን ቢነግረው ለዕድሜ ልኩ የሚሆን ትምህርት ያገኛል።

በእኛ ቋንቋስ?

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና ብዙ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳቃታቸው አሳይቷል። ይህ ሲሰማ መጽሐፍ እጥረት፣ ክፍል መጨናነቅ እየተባለ ይነገራል፤ እውነትም ነው። እኛ ግን ሌላም ነገር እንጨምራለን። በአማርኛ ለአሥርና ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቋንቋው ቀሎ፣ ታሪኩ ደግሞ ልብ የሚያንጠለጥል ሆኖ የተጻፈ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም።

አማርኛ ለደካማ አንባቢ የራሱ ጋሬጣዎች አሉት። ፊደላቱ ከ200 በላይ ናቸው። የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሑፍ አይለይም፤ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ልጁ ከዐውዱ መገመት አለበት። ግሡ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዐረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ልጁ ሁሉንም ተሸክሞ እስከ አራት ነጥብ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። እስቲ ይህን እንመልከት፦

«በዚያ ጨለማ በዋጠው ሌሊት ከአያቱ ቤት ጓሮ ካለው የድንጋይ አጥር ባሻገር ምንነቱ ያልታወቀ ድምፅ በመስማቱ ልቡ በፍርሃት የተሞላው ታዳጊ ጆሮውን አቀና።»

አሁን ደግሞ ይህን፦

«ሌሊት ነው። መብራት ጠፍቷል። ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ሰዒድ ጆሮውን አቀና። ድምፁ ጠፋ። ቆይቶ እንደገና ተሰማ። አሁን ግን በሩ ሥር ነበር።»

ታሪኩ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ደካማው አንባቢ «ታዳጊ» ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። ሁለተኛውን አንብቦ በሩ ሥር ምን እንዳለ ይጠይቀናል። ጠየቀ ማለት ደግሞ አነበበ ማለት ነው።

ለታሪኩ ራሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አያ ጅቦና ጭራቅ ያልተተረከለት ልጅ በአገራችን ጥቂት ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በመተባበር በየክልሉ እየዞሩ ከተረት አዋቂዎች አፍ የሰበሰቧቸው ተረቶች በቀላል እንግሊዝኛ ለተማሪዎች ቀርበዋል። አልቪን ሽዋርትስም ቢሆኑ ከሕዝብ አፍ እየለቀሙ ነው የጻፉት። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማ፣ በሥልጤ ያሉ አያቶቻችን የሚያውቋቸውን የሌሊት ወጎች አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሰብስቦ፣ አጫጭር ዐረፍተ ነገር አድርጎ፣ በደብተር ጽፎ ቢያዞር የክፍሉ የመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ልጅ አያቱ የነገሩትን ተረት በጽሑፍ ሲያገኘው ግማሹን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ፊደሉ አያስፈራውም።

ለወላጆችና ለመምህራን

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ጥቂት ምክር እንለግስ። መጽሐፉን ልጁ ከማንበቡ በፊት ወይም አብራችሁ አንብቡት፤ ስስ ስለሆነ አንድ ምሽት ይበቃል። ልጁ ከሰባት ዓመት በታች ከሆነ፣ ወይም ሌሊት እየባነነ የሚቸገር ከሆነ አትቸኩሉ፤ መጽሐፉ የትም አይሄድም። በአልጋ ላይ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል ከማንበብ ይልቅ ከዐስር በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ቁርአን ስንቀራ ኡስታዛችን ፊት ድምፃችንን አሰምተን እንደቀራነው ሁሉ ታላቅ ለታናሽ፣ ታናሽም ለታላቅ ድምፁን እያሰማ ያንብብ፤ ማድመጥ ለደካማው አንባቢ ግማሽ መንገድ ነው። ልጁ አንዱን መጽሐፍ አሥር ጊዜ ቢደግመው «ሌላ የለህም?» ብላችሁ አታሸማቅቁት፤ ደጋግሞ ማንበብ አፍ ያፈታል። ከጨረሰ በኋላም ምን እንደተማረ መመርመሩን ትታችሁ የቱ ቦታ ላይ እንደፈራና ደራሲው እንዴት እንዳስፈራው ጠይቁት።

ከሁሉ በላይ ግን ልጁን እዚያው መደርደሪያ ላይ አትተዉት። በአስፈሪ ታሪክ የጀመረ ልጅ በአስፈሪ ታሪክ ብቻ ከቀረ መንገድ ጀምሮ አንደኛው ማረፊያ ላይ የተኛ መንገደኛ ይሆናል። የአንዷን አገር አፈ ታሪክ ከወደደ ስለዚያች አገር ታሪክ የሚያወራ መጽሐፍ ይጠብቀው። ሐኪሙን ሪፍዓትን ከወደደ ስለ ደምና ስለ ልብ የሚያስረዳ ይጠብቀው። ስለ ጂን ከጠየቀ ከኡስታዙ ጋር ተቀምጦ ትክክለኛውን ይስማ። ከሙስሊሞች ታሪክ፣ ከሶሓቦች ሕይወት መካከል ልብ የሚያንጠለጥል ሞልቷል፤ ማንበብ የለመደ ልጅ ካገኘው ራሱ ገጹን ይገልጠዋል።

ልጅ አይከለከል ማለታችን አይደለም፤ የማይሆን መጽሐፍ አለ፣ ይከልከል። ሆኖም ከልካይ ብቻ የሆነ አዋቂ ልጁን ወደ ፀጉር ቤቱ ይሸኘዋል። ልጁ ዛሬ ምን እያነበበ እንደሆነ የሚያውቅ፣ ነገ ምን ሊያነብ እንደሚችል ደግሞ አስቀድሞ ያሰበ አንድ ሰው በየቤቱና በየክፍሉ ቢገኝ ከመጽሐፍ ተጣልቶ የሚያድገው ልጅ ቁጥር ይቀንሳል። ያ ሰው እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት፣ መምህር ወይም ኡስታዝ ሊሆን ይችላል። አላህ ልጆቻችንን የሚጠቅማቸውን ዕውቀት ከሚወዱት ያድርግልን።